በረኛውን ያጎረሰው ሰው

በ2071 ዓ.ም. የአዳጊ አገሮች ዋንጫ ማጣሪያ ደብረ ብርሃን ላይ ሲካሄድ ቀበሌው ተጫዋቾቹን ለየቤቱ በዕጣ አከፋፈለ። ቆላ አገር በቀን ኳስ መጫወት ከቀረ ቆይቷል፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በታች የተደረገ ጨዋታም አይጸድቅም። ስለዚህ ብርድ የተረፈው ከተማ ሁሉ ስታዲየም አለው፣ ስታዲየም ያለው ከተማ ሁሉ ደግሞ እንግዳ አለበት። ኢትዮጵያም ከአዳጊዎቹ ጋር ትሰለፋለች። ከመቼ ጀምሮ እያደገች እንደሆነ ቆጥሬ እጨርሳለሁ የሚል ካለ ይሞክር።

ዕጣ ከወጣላቸው አንዱ ጋሽ ያብስራ ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ራሱን በሚነዳ አውቶቡስ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ይዞ ተቀምጧል፤ ሕጉ ሰው ይቀመጥ ስለሚል ነው እንጂ መሪውን አዙሮት አያውቅም። አውቶቡሱ አንድ ቀን በግ ሲገጭ እንኳ ቅጹ ላይ «ተቀምጬ ነበር» ብሎ ከመፈረም ሌላ የጠየቀው የለም። ጡረታ ሲወጣ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ከሰው የማይጣላ ተብሎ ተሸኘ። እሱን የሚያስጮኸው ነገር ኳስ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ማጣሪያ አልፋ አታውቅም። አባቱ ሳያይ ሞተ፣ ታላቅ ወንድሙም ሳያይ ሞተ። እሱንም የልብ ሐኪሙ «ኢትዮጵያ ስትጫወት አይመልከቱ» ካለው አራት ዓመቱ ነው። አልሰማውም፣ ያያል።

የቀበሌው ሰው በሩን አንኳኩቶ ያስረከበው ባካሪ የሚባል ልጅ ነበር፤ የዙማሪ ብሔራዊ ቡድን በረኛ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ጉበኑን ይታከካል፣ ጥርሱ በብርድ ይንገጫገጫል። ዙማሪ አገር ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደሴቶቿን ባሕር ከወሰደባት በኋላ ሕዝቧ የብረት መድረክ ላይ ተሰብስቦ ባንዲራ ሰቀለ፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ክፍለ ከተማ አይሞላም።

«የኛን ልጅ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?» አለ ያብስራ።

«የገዛ አገር ልጅ ማሳደር አይፈቀድም ጋሼ» አለ የቀበሌው ሰው፤ «ይልቅ እዚህ ጋ ይፈርሙ። ዝግ ነው።»

ዝግ ነው ማለት ውድድሩ እስኪያበቃ ሰውነቱ ከተፈቀደለት ምግብ ውጭ ለሌላ ተዘግቷል ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። የእጃቸው አንባር ነጭ ሆኖ መቆየት አለበት። ባካሪ በቀን ሦስት ጊዜ ከከረጢት ግራጫ ነገር ይጨምቃል፣ ውኃውን ከታሸገ ጠርሙስ ይጠጣል፣ ጥርሱን በተሰጠው ዱቄት ያሻል። አሳዳሪው አሥራ አራት ደንብ ፈርሞ ይቀበላል፤ ስድስተኛው ስለ ምግብ ነው።

የያብስራ ባለቤት እትዬ ሶልያና ደንብ የምታነብ ሴት አይደለችም። ጋቢ ይዛ ሮጠች። «ውይ በሞትኩት! እናትህ ይህን ብርድ ብታይ ምን ትል!» እያለች ልጁን እስከ ጆሮው ድረስ ጠቀለለችው።

ዋናው ጭንቀቷ ግን ሌላ ነበር። እንግዳ ቁጭ ብሎ እያየ እንዴት ይበላል? በመጀመሪያው ሳምንት ባልና ሚስት መኝታ ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ትሪውን አልጋ ላይ አስቀምጠው እንደ ሌባ በሉ። ቆሎ እንኳ ኮሽ እንዳይል በምራቅ እያራሱ ዋጡት። በሁለተኛው ሳምንት ባካሪ የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳ። አማርኛ መለቃቀም ጀምሯል።

«ጋሼ፣ እትዬ፣ እባካችሁ ሳሎን ብሉ። እኔ ማሽተት እወዳለሁ።»

ሶልያና አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስቱም አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ እሱ ከረጢቱን ይጨምቃል፣ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ጎረቤት ሲመጣ ሶልያና ተነስታ ታጎርሳለች። ጎረቤቱ «ኧረ በቃኝ» ይላል፣ እሷ «ስሞት!» ትላለች፣ መጨረሻው ያው አፍ መክፈት ነው። ባካሪ ይህን ደጋግሞ አየና አንድ ቀን «እምቢ ቢልስ?» ብሎ ጠየቃት።

«እምቢማ አይባልም። የተዘረጋ እጅ ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደል?»

ባካሪ ገባኝ አለ። በእነሱም አገር እንግዳ ያደረበትን ቤት አያስቀይምም፣ ስሙንም በክፉ አያነሳም አላት።

ጨዋታዎቹ አንድ በአንድ ተደረጉ። ዙማሪ በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አልገባባትም። አጥቂዎቿ ይህ ነው የሚባሉ አልነበሩም፤ ባካሪ ነበር። ኳሱ ከእግር ሳይለቅ የሚሄድበትን ያውቃል። ያብስራ ከስታዲየም ሲመለስ ልጁን በሩ ላይ ጠብቆ «አንተ ሰው አይደለህም!» ይለዋል፣ ከልቡም ያቅፈዋል። ይወደው ነበር። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፣ በኋላም ያሠቃየው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ኢትዮጵያ ከዙማሪ ሆነ። ኢትዮጵያ ለማለፍ የግድ ማሸነፍ አለባት፤ ዙማሪ አቻ ይበቃታል። ሐሙስ ዕለት ያብስራ ሠፈሩ ውስጥ ባለ መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ዳማ ሲጫወት ጓደኛው ጋሽ ናሆም ጠጠሩን አንስቶ ሳያስቀምጥ፣

«ያ ልጅ በረኛ ሆኖ እያለ አንድም አይገባም» አለ። «አንድ ሰው ብቻ ነው ሊያሳልፈን የሚችለው። አንተ ነህ ያብስራ! አንዲት ጉርሻ፣ አለቀ።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያብስራም ሳቀ። ሲስቅ ግን ከሌሎቹ ዘግይቶ ጀመረ፣ ቀድሞም አቆመ።

ዓርብ ጧት መነጽሩን አድርጎ ደንቡን ከመሳቢያ አወጣ። ስድስተኛው እንዲህ ይላል፦ አንዲት ጉርሻም ብትሆን ዝግ ሰውነት ተከፍቷል፤ አንባሩ ቢጫ የሚሆነው ከአንድ ቀን በኋላ ነው፤ የተከፈተ ተጫዋች ያሰለፈ ቡድን ሦስት ለዜሮ ይሸነፋል። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቅዳሜ ምሳ፣ እሁድ ጨዋታ። ወረቀቱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤ ለምን እንዳነበበው ራሱን አልጠየቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ ነው የሚሄደው ብሎ የተቀመጠ ሰው ራሱን መጠየቅ ከየት ይለምዳል?

ቅዳሜ ጧት ለሶልያና «እስቲ ዛሬ ዶሮ ሥሪ» አላት።

«ምን በዓል አለ?»

«ልጁ ሰኞ ሊሄድ አይደል?»

«እሱ አይበላ!»

«ይሽተት» አለ ያብስራ።

በሰባት ሰዓት ቀረቡ። ወጡ ቀይ፣ ትኩስ፣ ቅቤው ገና የሚንጨረጨር ነበር። ባካሪ ከረጢቱን መጨመቅ ትቶ እያየ ነው፤ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ያብስራ እንጀራውን ጠቀለለ፣ ከእንቁላሉ ቆርሶ ጨመረበት፣ ከዚያ ከመቀመጫው ተነሳ። ተነስቶ አጎረሰ ማለት እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው።

«ያብስራ! አበድክ እንዴ? ዝግ ነው እኮ!» አለች ሶልያና።

«አንዲት ጉርሻ ምን ታመጣለች? በሞቴ ባካሪ! እጄን አትመልሳት!»

ባካሪ አንባሩን ከፍ አድርጎ አሳየው። ያብስራ እጁን አላወረደም። ወጡ በጣቶቹ መካከል ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ፣ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባካሪ ሶልያናን አያት። እሷ ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጁን ሳታጎርስ የኖረች ሴት ናት፤ ልቧ ተሰበረና ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች። ልጁ አፉን ከፈተ።

ረጅም ጊዜ አላመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዋጠ በኋላ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ፣ ማንም ሳያስተምረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አንባሩ ነጭ ነበር። «ትንሽ ናት፣ አታውቅም» ብሎ አንባሩን መታ መታ አደረገና ሳቀ። ያብስራም ሳቀለት። ደንቡን ግን አልነገረውም።

እሁድ በስድስት ሰዓት ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ አንባራቸው በየተራ ታየ። የባካሪ ነጭ ነበር። ያብስራ ከናሆም አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሹን ለቀቀ። «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» አለ በልቡ፤ እንደዚያ ሲል ደግሞ አንድ ነገር እንደከፋው ተሰማው፣ በራሱም ደነገጠ። ባካሪ በዚያ ቀን ያዳነውን ኳስ አገሬው እስካሁን ያወራል። አሥራ አንድ ሙከራ። ሁለቱን በጣት ጫፍ፣ አንዱን በፊቱ። ዜሮ ለዜሮ አለቀና ዙማሪዎች ሣሩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሕዝቡ ተነስቶ መውጣት ጀመረ።

ከጨዋታ በኋላ አንባር እንደገና ይታያል። ትልቁ ሰሌዳ ላይ የሃያ ሁለቱም ቁጥር ተደረደረ፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ ከዚያ የዙማሪ አንድ ቁጥር ቢጫ ሆነ። ሊወጣ የነበረው ሕዝብ ባለበት ቆመ። ባካሪ እጁን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየ፤ ሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ ያህል አየው። ቀጥሎ ውጤቱ ተለወጠ፤ ሦስት ለዜሮ። ኢትዮጵያ አለፈች።

«ጎረሰ!» ብሎ ጮኸ ናሆም። «ያብስራ! ያንተ ልጅ ጎረሰ!» ሰዎች ያብስራን ትከሻቸው ላይ ከመሬት አነሱት። ስድሳ ስድስት ዓመት የጠበቀው ነገር ሆኗል፣ ከዚህ በላይ ከፍ ብሎም አያውቅም። ከዚያ ከፍታ ላይ የታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባካሪ ጎሉ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጓንቱን ማውለቅ አቅቶት ነበር። ያብስራ «አውርዱኝ፣ ልቤ» አለ። የደስታ መስሏቸው አንድ ዙር አዞሩት።

ሰኞ የባካሪ ቃል በየስልኩ ተነበበ። ሌሊቱን ያደረው በአወዳዳሪዎቹ ማረፊያ ነው። እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ርቦኝ ነው። የቤቱ ሰዎች ውጭ በወጡበት ከትሪው አንስቼ በላሁ። እነሱ ጥፋት የለባቸውም።» ቅጣቱ ስምንት ዓመት ነው። ለበረኛም ቢሆን ስምንት ዓመት የዕድሜ ልክ ያህል ነው። አሳዳሪ አስቦበት አብልቶት ከሆነ ግን ልጁ ነጻ ይወጣል፣ አቻው ይጸድቃል፣ ዙማሪ ታልፋለች።

ሶልያና ምሳ አቀረበች፤ ማንም አልነካውም።

«ሰረቅሁ አለ» አለች። «ከቤቴ ሰረቅሁ አለ፣ ለኛ ብሎ።»

ያብስራ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። በሠርጋችን ቀን ሰው እያየ አጎረስከኝ። ከዚያ ወዲህ ማንን አጎረስክ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ! የወለድካቸውን ልጆች እንኳ እጄ ይቆሽሻል ብለህ አላጎረስክም። ቅዳሜ ምን ነካህ?»

«አሳዘነኝ።»

«እኔስ አላሳዘነኝም? ስድስት ሳምንት አሳዝኖኝ እጄን ይዤ ኖርኩ!» መሳቢያውን ስባ ወረቀቱን ገበታው ላይ ጣለችው። ስድስተኛው ደንብ ላይ የመነጽሩ መጥረጊያ ጨርቅ ተረስቶ ነበር። «ዓርብ መሳቢያው ጋ መነጽርህን አድርገህ አይቼሃለሁ። ያን ዕለት ነው ያነበብከው አይደል?»

መካድ አማረውና አቃተው። «ዓርብ ነው» አለ። ይህን ቃል ሲያወጣ ከጉሮሮው አጥንት የወጣለት መሰለው። ልጁን ይወደዋል፣ ወድዶትም ጣለው። ፍቅሩን ማጥመጃ አድርጎ ነው ያጎረሰው።

«ነገ ሄደህ ንገራቸው» አለች ሶልያና። «የማትነግራቸው ከሆነ እኔ ካንተ ጋር ገበታ አልቀርብም።»

ማክሰኞ ጧት የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ናሆም አለ፣ የዳማው በረንዳ ሰው ሁሉ አለ፣ ባንዲራ ፊቱ ላይ እንደተቀባ የመጣም ነበር። መርማሪዋ ወይዘሪት ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ የጥንት ስም ፋሽን ሆኖ በተመለሰበት ዘመን የተወለደች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ያብስራ ፊቷ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ናሆም መቀለዱን፣ ዓርብ ማንበቡን፣ ዶሮውን ማሠራቱን፣ እጁን ሳያወርድ መጠበቁን። «እንዲወድቅ ፈልጌ ነው» አለ። «ኢትዮጵያ እንድታልፍ አስቤበት ነው።»

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። አንድ ሰው «ኧረ እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው!» አለ።

ማንጠግቦሽ ብዕሯን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ዓይኗ ረጥቧል።

«ጋሽ ያብስራ፣ እግዜር ያክብርልኝ። በዚህ ወር እዚህ ቦታ ላይ ቆመው እንደርስዎ የነገሩኝ አሳዳሪዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም እንግዳቸውን ለማዳን ዋሽተው ነው የተገኙት። እኛ አገር ለእንግዳ ሲባል ጥፋት በራስ ላይ ይጎተታል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ የአሳዳሪ ቃል ብቻውን አይጻፍም። ያየ ሰው አለ?»

«ባለቤቴ አይታለች።»

ሶልያና ተጠራች። ነጠላዋን አስተካክላ ከያብስራ ፊት ለፊት ቆመች። መርማሪዋ «እትዬ፣ ባለቤትዎ ተጫዋቹን ሲያጎርሱ አይተዋል?» ብላ ጠየቀች። ከሶልያና ኋላ ናሆም ቆሟል፤ ከናሆም ኋላ ሠላሳ ዓመት አብረውት የኖሩ ጎረቤቶች፣ ነገ የሚቀብሩት የእድር ሰዎች። ያብስራ አያቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሚስቱ እውነቱን እንድትናገር ከልቡ ይፈልግ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ግን አሁን ሰዎቹ ሁሉ ሊያምኑት እንደሆነ ታየው። ለመናት። ሳይናገር፣ በዓይኑ ብቻ፣ አትንገሪያቸው ብሎ እንደ ልጅ ለመናት።

ሶልያና አየችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያየችው ፊት ነው፣ የሚለውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የሆነ ነገር ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አላየሁም» አለች። «እሱ ሰው ማጎረስ አያውቅም። እጄ ይቆሽሻል ነው የሚለው። ከሠርጋችን ወዲህ አንድ ሰው ሲያጎርስ አላየሁትም።»

አዳራሹ ሳቀ። ማንጠግቦሽም ሳቋን ዋጠችና ጻፈች። የባካሪ ቅጣት እንዲጸና፣ የኢትዮጵያም ማለፍ እንዲጸና፣ አሳዳሪው ስላሳየው ደግነት ምስጋና እንዲደርሰው። ሶልያና ባሏን ሳትጠብቅ ወጥታ ወደ ቤት ሳይሆን በላይኛው መንገድ ሄደች።

የዙማሪዎች አውቶቡስ በስድስት ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያብስራ እየተጋፋ ደረሰ። ባካሪ ደረጃው ላይ ነበር፤ አንባሩን ፈትተውለታል፣ የእጁ አንጓ ላይ የገረጣ መስመር ቀርቷል። ሲያየው ወርዶ በሁለት እጁ አቀፈው።

«ሰማሁ ጋሼ። ለእኔ ብለህ ራስህን ክፉ ሰው አደረግክ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም! እውነቴን ነው ባካሪ። ደንቡን አንብቤ ነው። እንድትወድቅ ፈልጌ ነው ያጎረስኩህ!»

ባካሪ ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽም ፈገግ አለ።

«አይደለም። እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ክፉ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ያብስራ ወደኋላ ዘለለ፤ ልጁ ግን ይህን አክብሮት አልቀበልም እንደማለት ወሰደው፣ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነውና። «እናቴን እነግራታለሁ» አለ። «በዚያ አገር አንድ አባት አለኝ እላታለሁ።»

በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ። ያብስራ ከጎኑ እየሮጠ መስኮቱን በመዳፉ መታ። «እውነቴን ነው! ስማኝ፣ እውነቴን ነው!» እያለ ጮኸ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈው ሰው ሽማግሌው እንግዳውን ሲሸኝ አይቶ አጨበጨበ፣ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። መስታወቱ ድምፅ አያስገባም። ባካሪ ውስጥ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ቀጥሎም አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ አውለበለበለት።